ቅዳሜ ወይስ እሁድ

በረኛችን ግርማ በሁለት እጁ ሊይዛት የሚችላትን ኳስ በጣቱ ገፍቶ ወደ ውጭ ሲያወጣት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሰው አጨበጨበለት። እኔ የቀኝ ተከላካይ ነኝ፤ ሩጫ ስለማልወድ ብዙውን ጊዜ ቆሜ ሰው አያለሁ። ኳሷ ሕፃን ልጅ የሚይዛት ነበረች።

ዘመኑ በፈረንጆቹ 1986፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። እኛ ሆላንድ አገር ያለን የስኪዳም ኢትዮጵያውያን በዓመት አንድ ቀን ከሄግ ኤርትራውያን ጋር እንጫወታለን። አገር ቤት ሁለታችንን የሚያጫርሰው ነገር እዚህ ዘጠና ደቂቃ ብቻ ይፈጃል፤ ዳኛም አለው። በአምስት ዓመት አራቱን እነሱ አሸንፈዋል። አንዱን በረዶ አቋርጦታል። አሰልጣኛችን አበጋዝ በረዶውን እንደ አቻ ይቆጥረዋል።

ግርማ ኳሷን ሲያወጣት ኮርና ሆነ። ኮርና ሲሆን ደግሞ የእነሱ ረጅም ተከላካይ በራኺ ወደ እኛ ጎል ይመጣል፤ መጥቶም ከግርማ ጎን ይቆማል። ሁለቱ ዓለማያ ኮሌጅ አንድ መኝታ ክፍል፣ አንድ ቡድን ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረር ወርደው ግርማ እናት ቤት ይበላሉ። ወይዘሮ ይመኙሻል በራኺን "ሁለተኛው ልጄ" ይሉት ነበር ይባላል። ከዚያ የመጣው መጣ። የግርማ ታናሽ ወንድም ናቅፋ ላይ ቀረ፤ የበራኺ መንደር ተቃጠለ። አሁን ከስኪዳም ሄግ በባቡር ሃያ ደቂቃ ነው፤ ግን አንዱ የሌላውን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ግርማ ቢሄድ የእኛዎቹ "ወንድሙን ከበሉት ጋር ይበላል" ይላሉ። በራኺ ቢመጣ የእነሱዎቹ የሚሉት ከዚህ አይሻልም። ስለዚህ የሚያወሩት ኮርና ላይ ነው።

እኔ ቋሚውን ተደግፌያለሁ።

"እማማ እንዴት ናቸው?" አለ በራኺ፣ ዓይኑን ከኳሷ ሳይነቅል።

"ደህና ናት" አለ ግርማ።

ወይዘሮ ይመኙሻል ከሞቱ ዓመት ከመንፈቅ አልፏቸዋል። ለቅሶውን ግርማ ቤት ፍራሽ ላይ ሦስት ቀን የተቀመጥኩት እኔ ራሴ ነኝ።

በዚያን ቀን ግርማ ሦስት ኮርና ሰጠ። በሦስቱም ላይ ሊናገር አፉን ከፈተ። በሦስተኛው አፉ እንደተከፈተ ኳሷ መጥታ ገባች። አበጋዝ ፀሐይዋን ረገመ። በሆላንድ ፀሐይ የተሸነፈ የመጀመሪያው ቡድን እኛ ሳንሆን አንቀርም።

ስንመለስ ባቡር ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ለምን አልነገርከውም?"

"ሽባባው፣ መርዶ ቆሞ ይነገራል? በቁምጣ?"

"ደውልለታ!"

ፊቱ ላይ የተፋሁበት ያህል አየኝ። "በሚቀጥለው ዓመት" አለ። "ከጨዋታው በፊት እነግረዋለሁ። ቁጭ አድርጌ።"

የሚቀጥለው ዓመት ግን ሊቀርብን ሆነ። በግንቦት ከኸሜንተ፣ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ደብዳቤ መጣ። ከመከር ጀምሮ በእግር ኳስ ማኅበሩ ያልተመዘገበ ቡድን በከተማው ሜዳ አይጫወትም ይላል። ለሄግ ልጆችም ተመሳሳይ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ቅጹን የምሞላው እኔ ነበርኩ። ደች የተማርኩት ከአውቶቡስ ማቆሚያ ሰሌዳ ላይ ስለሆነ በሰዓትና በቀን ጉዳይ የሚደርስብኝ የለም። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ ቅዳሜ እና እሁድ። የዚህ አገር ኳስ ለሁለት የተከፈለ ነው። ድሮ እሁድ መጫወት ኃጢአት ነው ያሉ ሰዎች ቅዳሜን ይዘው ወጡ፤ እስከ ዛሬ የቅዳሜ ቡድን ከእሁድ ቡድን ጋር በአንድ ውድድር አይገናኝም። የሄግ ልጆች እሁድን መርጠዋል፤ ቅዳሜ ግማሾቹ ትራንስቫል በሚባለው ሰፈራቸው ገበያ ዕቃ ያራግፋሉ። እኛ ቅዳሜን ከያዝን ግርማና በራኺ አበቃላቸው ማለት ነው።

ስብሰባው እኔ ቤት ሆነ። አሥራ አምስት ሰው በስድስት ወንበር።

"ቅዳሜ!" አለ አበጋዝ። "የቅዳሜዎቹ ሃይማኖተኞች ናቸው። ጸልየው ነው የሚገቡት፤ ሰው አይረግጡም።"

"ጸልዮ የገባ ነው የሚረግጠው" አለ አንዱ ከመስኮቱ ሥር። "አስቀድሞ ይቅር ተብሏላ!"

"የሄግ ልጆች እኮ እሁድ ናቸው" አልኩ።

"እኮ! እኔስ ለምን ይመስልሃል ቅዳሜ የምለው? በዓመት አንዴ መሸነፍ አንሶን ደርሶ መልስ ልንሸነፍ ነው?"

አቶ አድማሴን ጠየቅናቸው። አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ፤ ቡድኑን አባት ሆነው የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ኳስ ግን አይወዱም።

"ቅዳሜም ሰንበት ነው፣ እሁድም ሰንበት ነው" አሉ። "የትኛውን ሰንበት እንሻር ብላችሁ ነው እኔን የምትጠይቁኝ? ሐሙስ የለም?"

"የለም፣ አቶ አድማሴ።"

"እንግዲያው እኔን አታስገቡኝ።"

ግርማ ጫማውን እያየ ነበር። እውነተኛውን ምክንያት ብናገር ቤቱ ምናልባት ይሰማኝ ነበር። ግን በዚያው አፌ ኮርናዎቹን መናገር ሊኖርብኝ ነው። በረኛ ከጠላት ጋር ለማውራት ብሎ ኳስ ያስወጣል ከተባለ ሰውየው ከዚህ በኋላ በየትኛው ፊቱ ይቆማል? ስለዚህ ዋሸሁ። ቄሱ በወር አንድ እሁድ ብቻ ነው የሚመጡልን አልኩ። ቅዳሴው እኩለ ቀን ያልቃል፣ ጨዋታው ስምንት ሰዓት ነው አልኩ። ቅዳሜ ስንቶቻችን ቢሮ እንደምናጸዳ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሁለት ሰው ጨመርኩበት። እጅ ሲወጣ ሰባት ለስድስት እሁድ አሸነፈ፤ አቶ አድማሴ ቃላቸውን ጠብቀው እጃቸውን አላወጡም፣ አንዱ ደግሞ ተኝቶ ነበር። ሰባተኛው እጅ የእኔ ነው። ባለቤቴ እሁድ እሁድ ሆስፒታል ትገባለች፤ ልጆቹን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ውጤቱን ስትሰማ ሁለት ሳምንት በደች ብቻ አናገረችኝ።

በነሐሴ የጨዋታ መርሐ ግብሩ መጣ። ሃያ ሁለት ጨዋታ ነው፤ በረዶ ሜዳውን ከሚዘጋበት ጊዜ በቀር ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ እሁዱ ሁሉ ተሞልቷል። ሮተርዳም አለ፣ ስኪዳም አለ፣ ፍላርዲንገን አለ። ሄግ የለም። ሁለቴ አነበብኩት። ማኅበሩ ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ ጸሐፊዋ በትሕትና አስረዳችኝ። የሄግ ከተማ የራሱ ቅርንጫፍ አለው፤ ታችኛው እርከን ላይ ያሉ ቡድኖች የሚጫወቱት በየቅርንጫፋቸው ነው። ሁለታችሁም አራት እርከን ከወጣችሁ ትገናኛላችሁ አለችኝ።

አበጋዝ አሰላው። ሁሉም ነገር ከቀናን አራት ዓመት፣ እንደ እስከ ዛሬው ከሆነ ስምንተኛው ሺህ። ግርማ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው።

ሮተርዳም የሚሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሄድኩ። ወጥ ቤት ትልቅ ድስት እያጠበ አገኘሁት። መርሐ ግብሩን ሰጠሁት። በእርጥብ እጁ እየገለጠ እስከ መጨረሻው አየው።

"እነሱ የሉም።"

"የሉም። ቅዳሜም ብንል እሁድም ብንል አይኖሩም ነበር።"

ድስቱን አጠበ፣ ገለበጠው፣ ደግሞ አንሥቶ አጠበው።

"ቤቱን ታውቀዋለህ?"

"ለቡድናቸው ደብዳቤ የምጽፈው በእሱ አድራሻ ነው። ትራንስቫል፣ ከገበያው ጀርባ።"

"አቶ አድማሴን ንገርልኝ" አለ። "መርዶ ብቻዬን አላረዳም።"

አቶ አድማሴ ሲሰሙ ብድግ አሉ። "ሁለት ዓመት ሊሞላ! ከእጇ የበላ ልጅ ሳይረዳ ሁለት ዓመት! ምን ስትሠሩ ነበር?"

"ስንጫወት ነበር" አልኩ።

"መቼ ነው ቤቱ የሚገኘው?"

በራኺ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሳይነጋ ይወጣል። የሚገኘው እሁድ ጠዋት ነው። እሁድ እሁድ ደግሞ እኛ ጨዋታ አለን፤ የመጀመሪያው የፊታችን እሁድ ነው። እሁድን ያስመረጥኩት እኔ ስለነበርኩ ለአበጋዝ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ኮርናዎቹን ትቼ ሌላውን ሁሉ።

"የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ በረኛዬን?" አለ። ከዚያ የጻፈውን የተሰላፊዎች ዝርዝር አጠፈው። "እናትየው ናቸው? ሂዱ በሉ። እኔ ራሴ ጎል እቆማለሁ።" አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ወገቡንም ያመዋል። ዘጠኝ ገባበት። እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለያዛት አንዲት ኳስ ነው።

እሁድ በመጀመሪያው ባቡር ሄድን፤ አቶ አድማሴ፣ ግርማ፣ እኔ። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለብሰናል። ባቡሩ ውስጥ አንድ የሰከረ ወጣት ከየትኛው ሠርግ እንደምንመጣ ጠየቀን። ትራንስቫል ጭር ብሏል። ደረጃውን ወጣን፤ አቶ አድማሴ እያረፉ፣ እኛ እየጠበቅናቸው። ያንኳኳሁት እኔ ነኝ።

በራኺ በካናቴራ ወጣ። መጀመሪያ ግርማን አየው፤ ፊቱ ሊፈካ ጀመረ። ቀጥሎ ነጠላውን አየ፤ ሽማግሌውን አየ። ግድግዳውን ያዘ።

"ማን?" አለ።

ግርማ ያጠናውን ሁሉ ረሳው። "እማማ" አለ።

የበራኺ ጩኸት ሕንጻውን ቀሰቀሰው። ከላይ አንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት ፖሊስ ልጥራ እያለች ወረደች፤ አቶ አድማሴን ስታይ ምን እንደገባት እንጃ፣ ተመልሳ ወንበር ይዛ መጣች። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሄግ ቡድን ግማሹ ቤቱ ውስጥ ነበር። የበራኺ ሚስት ሉችያ ፍራሽ አነጠፈች። ስለ ወንድምም ስለ መንደርም የተናገረ ሰው የለም። አሥር ቁጥር የሚለብሰው ልጃቸው ለአቶ አድማሴ ትራስ አመጣላቸው።

በራኺ ሲበርድለት ቀና አለ። ዓይኑ አብጧል።

"መቼ ነው ያረፉት?"

"ጥቅምት ሲመጣ ሁለት ዓመት።"

ቆጠረ። ሲቆጥር ፊቱ ላይ ይታያል።

"ባለፈው ጠየቅኩህ። አምናም ጠየቅኩህ። ደህና ናት አልከኝ።"

ግርማ በሩ አጠገብ እንደቆመ ነበር፤ እስካሁን ማንም ተቀመጥ አላለውም፣ እሱም አልተቀመጠም።

"እንዴት ብዬ ልንገርህ?" አለ። "ቦታ አጣሁ።"

በራኺ ጉልበቱን ሰብሰብ አድርጎ ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አለለት።