ዘመዳችን ሲመጣ አትጩኺ

1. የአማቴ የማማ ፋንታ መመሪያ

በሩን ክፍት ተዪው። ልጁን ብቻውን ምንጣፉ ላይ አስተኚው። ዘመዳችን ሲመጣ አትጩኺ።

2.

ዘመዳቸው ዘንዶ ነው።

በባለቤቴ በሞዲቦ ጎሳ፣ ልጅ ሲወለድ በስምንት ቀን ውስጥ ዘንዶ መጥቶ ያየዋል። ዘንዶ ላላየው ልጅ ስም አይወጣለትም። ዘንዶ መግደል ነውር ነው፤ ሞቶ ካገኙትም እንደ ሰው ገንዘው፣ አልቅሰው ይቀብሩታል።

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። እኛ ጋ እባብ ከታየ የሚፈለገው ዱላ ነው። ትዳር ነው እዚህ የሴኔጋል መንደር ያመጣኝ።

3. እስካሁን የፈራኋቸው

የልብስ ማስጫው ገመድ። የሣር ክዳኑ ኮሽታ። አማቴ "ዛሬ ይመጣ ይሆናል" ስትል ፊቷ ላይ የማየው ደስታ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ግን ገና ሳላይ ነው የበረየሁት።

4.

ይህን ቁጥር ልዝለለው። እመለስበታለሁ።

5. ስድስተኛው ቀን፣ ረፋድ

ሞዲቦ፦ መጣ?

እኔ፦ አልመጣም።

ሞዲቦ፦ ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?

እኔ፦ ደክሞኝ ነው።

ሞዲቦ፦ አይዞሽ፣ ገና ሁለት ቀን አለን።

4. እንደገና

አምስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣

መጣ።

ውፍረቱ ክንዴን ያክላል። ቀስ ብሎ ጭንቅላቱን ልጄ እግር ላይ አሳረፈ።

አልጮህኩም። መመሪያውን እስከዚህ ድረስ አክብሬያለሁ። ከዚያ በስመ አብ ብዬ ዘነዘናውን አነሳሁ። ወገቡን መታሁት፤ ሲዝለፈለፍ ጎትቼ ወሰድኩትና ጓሮ፣ ከጎተራው ኋላ ያለ ባዶ እንስራ ውስጥ ከትቼ ከደንኩት። የልጄን ዘመድ ገደልኩ። ካንተ በቀር፣ አንባቢ፣ ለማንም አልተናገርኩም።

6. ስምንተኛው ቀን

ሦስት ቀን ሆነው፤ በዚህ ሙቀት ሽታ እንኳ የለውም። እግዜር ረዳኝ አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ጠየቁ፦ "ዘመዳችን ልጁን አይቶታል?"

አማቴ ቀደመችኝ።

"አይቶታል። ምስክሩ እኔ ነኝ።"

ልጄ ሲዲኪ ተባለ። ሁሉም ሳቁ፣ ጨፈሩ። እኔም ሳቅሁ፤ ከፍርሃት ነው።

7. ከሰዓት በኋላ፣ ጓሮ

ልጄን አስተኝቼ ወጣሁ። አማቴ ነጭ ጨርቅ ይዛ ትጠብቀኛለች።

ማማ ፋንታ፦ የዘነዘናውን ደም ያጠብኩት እኔ ነኝ።

እኔ፦ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ!

ማማ ፋንታ፦ ዝም በይ፣ ይሰማሉ። እኔም ከሌላ ጎሳ ነው ያገባሁት። ሞዲቦን ስወልድ ስምንቱን ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያሳለፍኩት። አሁን ዘመዳችንን እንገንዘው። የት አደረግሽው?

በጣቴ አሳየኋት።

8.

የእንስራው ክዳን መሬት ላይ ወድቋል።

ውስጡ ባዶ ነው።

አማቴ እጄን ጨመቀች።

"ልጁስ?" አለች።

ብቻውን ነው። ምንጣፉ ላይ። በሩ ክፍት ነው።

9.

ይህንንም ቁጥር ልዝለለው።