ጥሬ ብሎ የጻፈው ማን ነው?

መርማሪው ከተቀደደው ጆንያ አንድ ፍሬ ኦቾሎኒ አንስቶ በሁለት ጣቱ አሸው። ቀዩ ቅርፊት ወዲያው ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ፍሬውን በጥርሱ ሰበረው፤ አላመጠና ከንፈሩን ላሰ።

"ጨው አለው" አለ።

"የባሕሩ አየር ነው" አለ ሪያድ። "ኮንቴይነሩ ወደቡ ላይ ብዙ ቆሟል።"

"ወላሂ? እኔም እዚህ ወደብ ላይ ነው ያረጀሁት፤ እስካሁን ጨው ጨው ያለኝ ሰው የለም።"

የሪያድ አባት ሐሩን ጮክ ብሎ ሳቀ። በሩ አጠገብ የቆመችው ከሚሪያ አልሳቀችም።

የጅዳ ጉምሩክ ለኦቾሎኒ ሁለት ቦታ አለው። ጥሬ ከሆነ ከእህልና ከዘር ጋር ይመደባል፤ ቶሎ ያልፋል። ከተቆላ፣ ጨውም ከነካው፣ ከተዘጋጁና ማቆያ ከገባባቸው ፍራፍሬዎችና ለውዞች ጋር ይመደባል፤ ቀረጡ ይጨምራል፣ ላቦራቶሪም መግባት አለበት። ሐሩን ግን መጠበቅ አልፈለገም። በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጡት የቤት ሠራተኛ ሴቶች ዓርብ ዓርብ ሸረፊያ ሰፈር ሲገናኙ የአገራቸውን ቆሎና ኦቾሎኒ እየተሻሙ ይገዛሉ። ዓርብ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ የተቆላው ኦቾሎኒ "ጥሬ" ተብሎ ተጻፈ። የጻፈው የጉምሩክ አስተላላፊነት ፈቃድ ካወጣ ገና ዓመት ያልሞላው ሪያድ ነው።

ከሚሪያ ይህን የሰማችው ዛሬ ጠዋት፣ ሐሩን ጃሚዓ ሰፈር ከምትሠራበት ቤት በር ላይ መጥቶ መኪናው ውስጥ ካስገባት በኋላ ነበር።

"ቀላል ነገር ናት" አላት መሪውን በአንድ እጁ እያዞረ። "ባልሽ ዐብዱ ታሞ ቤት ተኝቶ ሳለ ወረቀቱን ሞልቶ ለሪያድ ሰጠው በዪ። ተሳስቶ ጥሬ ብሎ ጻፈ። ስሕተት ከሆነ ያርሙታል፤ የኛን ዕቃ ይለቁታል። ኸላስ፣ አለቀ።"

"ዐብዱ እንደዚያ አልጻፈም።"

"እሱን እኔም አውቃለሁ።"

"እና?"

"የሞተ ሰው አይታሰርም፣ ከሚሪያ። አይቀጣም። ልጄን ግን ፈቃዱን ይነጥቁታል። ዐብዱ ራሱ ቢኖር እሺ ይለኝ ነበር፤ ሪያድን እንደ ልጁ ነው የሚያየው።"

መኪናው በፔትሮሚን ሰፈር ጋራዦች መሀል ሲያልፍ ከሚሪያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የሐሩን መጋዘን እዚያ ነው። ባሏ ዐብዱ ጉልበቱን የጨረሰው እዚያ ነው። ዕቃ በመጣ ቁጥር የተቆላውን የተቆላ፣ ጥሬውን ጥሬ እያለ ይጽፍ ስለነበር ሐሩን "አንተ ሰውዬ የኔ ሠራተኛ ነህ ወይስ የጉምሩክ?" እያለ ይቀልድበት ነበር። ዐብዱም "የሁለታችሁም አይደለሁም" ይለዋል። ማታ ቤት ገብቶ ይህን ሲነግራት ይስቁ ነበር።

የሐሩን አያት ከወሎ ለሐጅ መጥተው መካ የቀሩ ናቸው። ሐሩን ዜግነት አለው፣ ቤት አለው፣ ስም አለው። ዐብዱ ሲሞት መካ ያስቀበረው እሱ ነው። ለቅሶውም እዚያው መካ ባለው ቤቱ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሚስቱ ዓኢሻ ከከሚሪያ ጎን አልተነሣችም፤ ውሃ እንኳ በእጇ ነበር የምታጠጣት። በመጨረሻው ቀን ሐሩን ወንዶቹ መሀል ቆሞ፣ "ዐብዱ ላይ ሐቅ አለኝ፣ ያልከፈለኝ አለ የሚል ካለ ዛሬ ይናገር፤ ዛሬ ያልተናገረ ነገ አላህ ፊት እንዳይይዘው" አለ። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ያዳምጡ ነበር። ማንም አልተናገረም። አንድ የሸረፊያ ባለሱቅ ብቻ፣ "ሐቅ ያለውስ እሱ ነው፣ እኛ ላይ" ሲል ተሰማ። ከሚሪያ ከዚያ ወዲህ ባሏን ባሰበች ቁጥር የምትይዘው ያችን ዝምታ ነው። ንጹሕ ሆኖ ሄደ ትላለች፤ ለሰው አይደለም፣ ለራሷ።

መኪናው ወደቡ በር ላይ ሲቆም ሐሩን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ በዐብዱ ስም እንደነበረ ታውቂያለሽ። ወደኔ ስም ላዛውረው ብዬሻለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። ዛሬ ይህን ከጨረስን ነገ ኢሚግሬሽን ጃዋዛት ቢሮ እገባልሻለሁ።"

"ካልጨረስንስ፣ አቡ ሪያድ?"

"ለምን አንጨርስም?" አለና በሩን ከፈተላት።

አሁን መርማሪው እጁን በመሐረብ ጠርጎ ወደ እሷ ዞረ። ፊቱ ክፉ አይደለም፤ የደከመው ሰው ፊት ነው።

"አንቺ የሟቹ ሚስት ነሽ?"

"ነኝ።"

"አላህ ይዘንለት። እነዚህ ሰዎች ወረቀቱን የሞላው ባልሽ ነው ይላሉ። ታሞ ቤት ሳለ። እውነት ነው?"

ሪያድ ጫማውን ያያል። ሐሩን ጉሮሮውን ጠረገና በአማርኛ፣ "እውነት ነው በያ፣ ምን ያቆምሻል?" አላት።

"በዐረብኛ!" አለ መርማሪው። "የምትሉትን ሁሉ እኔም ልስማ።"

ከሚሪያ ሻርፗን አስተካከለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ የረጋ ነበር።

"ባሌ ከመሞቱ በፊት ማንኪያ መያዝ አቅቶት ነበር። የማጎርሰው እኔ ነበርኩ። በዚያ እጁ እስክርቢቶ አልያዘም።"

ከውጭ የክሬን ጩኸት ይሰማል።

"ኀዘኗ ነው፣ ያ ሲዲ" አለ ሐሩን ፈገግ ብሎ። "ባሏ ከሞተ ወዲህ ነገር ይምታታባታል። ሴት ናት፣ ልቧ ተሰብሯል፣ የምትለውን አታውቅም። ሚስቴን ጠይቋት፤ ስንት ቀን እህል እንዳልቀመሰች..."

"ኀዘኔን አትንካው።"

ይህንንም የተናገረችው በዐረብኛ ነው።

"ለቅሶዬ ላይ እንድትቀመጥ የፈቀድኩልህ እዚህ አምጥተህ እንድታወራው አይደለም። እህል መቅመሴንና አለመቅመሴን አንተ ለጉምሩክ የምትነግረው ምን ልሁን ብለህ ነው? መካ ላይ ተነሥተህ ሐቅ ያለው ይናገር አልክ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። አንተም ዝም አልክ። ዛሬ አፈር ከለበሰ በኋላ ያንተን ውሸት ልታሸክመው ነው?"

"እኔ የማደርገው ላንቺም ብዬ ነው! ኢቃማሽን..."

"ኢቃማዬን ያዘው።"

መርማሪው ሁለቱንም ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተሰበረውን ኦቾሎኒ በእጁ ጠርጎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

"እንግዲያው ማን ነው የሞላው?" አላት።

ሪያድ ቀና አለ። ዓይኑ የእናቱን የዓኢሻን ዓይን ይመስላል፤ ያቺኑ ለቅሶው ላይ ውሃ ያጠጣቻትን ሴት። ከሚሪያ ያንን አይታ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ስሙን መጥራት ትችላለች፤ ምላሷ ላይ ነበር።

"የሞላው ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው" አለች። "አፍ አለው። ራሱ ይናገር።"

የቀትሩ የዙህር አዛን ተሰማ። መርማሪው ሰዓቱን አይቶ ተነሣ።

"ሰግጄ እመለሳለሁ። ስመለስ አንድ መልስ ነው የምፈልገው። ካልሆነ ሁላችሁንም ወደ ምርመራ ክፍል ነው የምልካችሁ።"

እሱ እንደወጣ ሐሩን በአማርኛ ፈነዳ።

"ያበላሁሽ ይህን ልታደርጊ ነው? ባልሽን በኔ ገንዘብ ነው የቀበርኩት!"

"ለዚያ አላህ ይክፈልህ። በኀጢአትህ ግን አትቅበረው።"

"ከነገ ወዲያ ሹርጣ ፖሊስ ሲይዝሽ ስሜን እንዳትጠሪ! ነይ፣ ማዳምሽ እየደወለች ነው። እንግዳ አለብኝ ብላ አስጠንቅቃሻለች፤ ያላ፣ ላድርስሽ።"

ሪያድ በቀጭን ድምፅ፣ "ኻለቲ፣ ፈቃዴን ይወስዱብኛል" አለ። "ሌላ ሥራ አላውቅም እኮ።"

"አውቃለሁ" አለችው። ቁጣዋ ግን አልበረደም። "አንተን ይህን ሥራ ያስተማረህ ማን ነው?"

"ዐብዱ" አለ ሪያድ። ዓይኑ ቀላ።

ስልኳ እጇ ውስጥ እንደገና ነዘረ። ከሚሪያ አነሣችው።

"ማዳም፣ ዛሬ አልመጣም" አለች። "አይ፣ ከሰዓትም አልመጣም። ሌላ ሰው ፈልጊ።"

ዘጋችው። ግድግዳው ጋ የነበረውን የፕላስቲክ ወንበር እየጎተተች አምጥታ ሪያድ ፊት አቆመችውና መርማሪው እስኪመለስ ልትጠብቅ ተቀመጠችበት።