በወንበር የተኬደ መንገድ

ኦርቪል ሃውገን በሰባ ዓመት ዕድሜው ዋሽቶ አያውቅም ብል እኔም አብሬው ዋሸሁ ማለት ነው። ለዊልበርት ግን ዋሽቶ አያውቅም ነበር። ሁለቱ በአንድ ክፍል ተምረው፣ በአንድ የእህል ጎተራ ሠርተው፣ በአንድ ዓመት ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። አዝመራው በተሰበሰበ ሰሞን ዊልበርት ልቡን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ሲወጣ ሐኪሙ፣ «ወይ ትራመዳለህ፣ ወይ ተመልሰህ ትመጣለህ» አለው። የካናዳዋ የሳስካችዋን የበረዶ ክረምት ደግሞ ሽማግሌን ውጭ አያራምድም። ስለዚህ ነርሷ የግማሽ እንቁላል ያህል የምትሆን የእርምጃ መቁጠሪያ ሰጠችውና ቤትህ ውስጥ ተራመድ አለችው። መቁጠሪያዋ ቀበቶ ላይ ትሰካለች፣ ሰውየው በተነቃነቀ ቁጥር አንድ ትጨምራለች፤ ሌላ ሥራ የላትም።

ዊልበርት ግን ምድር ቤት ወርዶ በቤት ማሞቂያው ምድጃ ዙሪያ ብቻውን መዞርን እንደ ሞት ጠላው።

«እህል እንደሚያበራይ በሬ ልዙር?» አለ። «አንተም ከዞርክ እዞራለሁ። ካልሆነ ይቅርብኝ።»

«እዞራለኋ!» አለ ኦርቪል። «ይሄ ጉልበቴም ዝጓል።»

እሱም ከነርሷ አንድ መቁጠሪያ ተቀበለ። በየቀኑ ከእራት በፊት እየተደዋወሉ የየራሳቸውን ቁጥር ሊነጋገሩ ተስማሙ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ አማረ። አንዱ ዘጠኝ መቶ ሲል ሌላው አንድ ሺህ ይላል፣ «የእኔ ድመት እንኳ ከአንተ ትሻላለች» ይባባላሉ፣ ተሳስቀው ስልኩን ይዘጋሉ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኦርቪል የሚወዛወዘው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በቴሌቪዥን የበረዶ ላይ ሆኪ ጨዋታ ያያል። ቡድኑ ሊያሸንፍ ሆነና ሰውየው በስሜት ወደፊት ወደኋላ ሲል፣ ሲናጥ፣ ሲጮህ ቆየ። ጨዋታው ሲያልቅ ቀበቶውን ቢያይ አራት ሺህ ሦስት መቶ ይላል! ለካ መቁጠሪያዋ ውዝዋዜውን ሁሉ እርምጃ ብላ ይዛዋለች። ያኔውኑ ደውሎ ቢናገር ኖሮ ሳምንት ሙሉ የሚስቁበት ጨዋታ ይሆን ነበር። ግን ዊልበርት ቀድሞ ደወለ።

«ሁለት ሺህ አንድ መቶ!» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «እስቲ ይሄን ብለጥ፣ አንተ ሰነፍ!»

ኦርቪል በዚያ ቀን የተራመደው ከአልጋው እስከ ወንበሩ፣ ከወንበሩ እስከ ማቀዝቀዣው ነው። መሸነፍ ግን አልሆነለትም።

«አራት ሺህ ሦስት መቶ» አለ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ስድስት መቶ ብሎ ምን ሊባል ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቱ ሎርና ወደ ቤተ መጻሕፍት ሥራዋ ስትሄድ ጠብቆ ወንበሩ ላይ ይወጣና ሲወዛወዝ ይውላል። አምስት ሺህ አለ፣ ስድስት ሺህ አለ፣ ስምንት ሺህ ደረሰ። ዊልበርትም ሊደርስበት እየተንፏቀቀ ሦስት ሺህ ገባ። «ጉልበትህ ውስጥ ሞተር አስገብተሃል እንዴ?» እያለ ይገረማል፤ ኦርቪልም ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ «ቆራጥነት ነው» ይላል። እንግዲህ ይታያችሁ።

በጥር ወር በከተማዋ አዳራሽ የከርሊንግ፣ ማለትም ድንጋይ በበረዶ ላይ የማንሸራተት ውድድር ነበር። በዚህ ጨዋታ ዳኛ አጠገብህ አይቆምም፤ በበረዶው ላይ የሚንሸራተተውን ድንጋይ፣ መንገዱን በምትጠርግለት መጥረጊያህ ከነካህ ማንም ባያይ አንተው እጅህን አውጥተህ ነካሁ ትላለህ። ኦርቪል በመጨረሻው ዙር ላይ ነካ። ማንም አላየም። እጁን አወጣ፣ ቡድኑም ተሸነፈ። በኋላ ሾርባ ሲቀርብ ዊልበርት፣ ከተመልካቾቹ መስተዋት ጀርባ ተቀምጦ ሲያይ የዋለው ዊልበርት፣ ጠረጴዛውን በማንኪያ መታ መታ አደረገ።

«አያችሁት ይሄን ሰው?» አለ። «ስምንት ሺህ ተራመድኩ ካለ ስምንት ሺህ ነው። በዚህ ጉልበቱ! እኔን ከሞት ያስነሳኝ እሱ ነው።»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ኦርቪል አንገቱን ደፍቶ ሾርባው ውስጥ አፈጠጠ። ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ነደደ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ድንጋይ መንካቱን ለመናገር ዓይኑን ያላሸ ሰው፣ ይሄን ለመናገር አፉ ተሳሰረ። ቤት ሲሄዱ እነግረዋለሁ አለ። ቤት ሲሄዱ ነገ አለ። በነገውም ስምንት ሺህ ሁለት መቶ አለ።

ከዚያ የዊልበርት ቁጥር መውረድ ጀመረ። ከሁለት ሺህ ወደ ዘጠኝ መቶ፣ ቀጥሎም «ዛሬ አልለካሁም»። አንድ ረፋድ ላይ የዊልበርት ሚስት ኤድና ደወለች።

«ኦርቪል፣ እባክህ ና» አለች። «ሳምንት ሆነው፣ ከተቀመጠበት አይነሳም። መቁጠሪያዋን ቆሻሻ ውስጥ ጣላት። ‹ጉልበተ ሰባራው ኦርቪል ስምንት ሺህ ሲሄድ እኔ በሦስት ሺህ ነፍሴ ልትወጣ ነው፤ እኔ በቃኝ፣ አልቆልኛል› ይላል። አንተን ይሰማሃል። እኔንማ ማን ሰምቶኝ!»

ኦርቪል ኮቱን ሳይቆልፍ ሄደ። ዊልበርትን በመስኮቱ አጠገብ ብርድ ልብስ ተከናንቦ አገኘው። ከስቷል።

«አትቆጣኝ» አለ ዊልበርት ገና ሲያየው። «ሞክሬያለሁ፣ እግዜር ያውቃል። ልደርስብህ አልቻልኩም። አሳፈርኩህ፣ ወንድሜ።»

ኦርቪል ይቅርታ ሊጠየቅ!

«ወንበሩ ነው» አለ።

«የምን ወንበር?»

«የሚወዛወዘው። መቁጠሪያዋ ውዝዋዜውን ትቆጥራለች። እኔ አልተራመድኩም፣ ዊልበርት። ተቀምጬ ነው። ሁሉንም ተቀምጬ ነው።»

ኤድና በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ኦርቪል ይሰድበኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢሰድበው ደስ ባለው።

«እውነተኛው ስንት ነበር?» አለ ዊልበርት።

«አራት መቶ። ቢበዛ አምስት መቶ።»

«እንግዲያ ሁለት ወር ሙሉ ብቻዬን ነበር የዞርኩት» አለ ዊልበርት፣ ፊቱንም ወደ መስኮቱ አዞረ።

ኦርቪል ቤቱ ተመልሶ ለሎርና ሁሉንም ነገራት። እሷም አልጮኸችም፣ «ለታመመ ሰው?» ብቻ አለች። በማግስቱ ምድር ቤት ወርዶ በማሞቂያው ዙሪያ ዞረ፤ ጉልበቱ እየጠዘጠዘው፣ እያረፈ፣ እንደገና እየተነሳ። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ። ከእራት በፊት ደወለ፤ ኤድና አንስታ ለዊልበርት ሰጠችው።

«አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ» አለ ኦርቪል።

«ማን አየ?»

ኦርቪልን በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ነገ ስትዞር ሎርና ትይህ» አለ ዊልበርት፣ ዘጋውም።

በማግስቱ ሎርና ከሥራ ስትመለስ የምትሠራውን ሹራብ ይዛ በምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ኦርቪል በሚስቱ ዓይን ሥር፣ ፈተና እንደሚፈተን ልጅ፣ አንገቱን ደፍቶ ዞረ። ስልኩ ሲጮህ እጁን ዘረጋ፤ ሎርና ግን ቀደመችው።

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ» አለች። «አዎ፣ ዊልበርት። ተቀምጬ አይቻለሁ።» ጥቂት አዳመጠችና ስልኩን አስቀመጠች።

«መቁጠሪያዋን ከቆሻሻው አውጥቷታል» አለችው። «ስምንት መቶ ሄዷል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ ኦርቪል፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ታዲያ ለምን አላገናኘሽኝም? ነገ ይደውላል?»

ሎርና ሹራቧን ጠቀለለች፣ ፊቱን ላለማየት ቀስ ብላ።

«ይደውላል» አለች። «ለእኔ።»