ከትልቁ አልጋ እስከ ትንሹ አልጋ

የዶሪን ሚስት ላቪኒያ በጥር ሞታለች።

እና የአዲሱ ወለል የቪኒል ጣውላዎች ገና ቀዝቃዛ ናቸው፣ ዶሪን በመዳፉ ያውቀዋል፣ ሻጩም ነግሮት ነበር፣ ወንድሜ ቪኒል እንደ እንግዳ ነው፣ መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ አሳድረው፣ ሙቀቱን ይልመድ፣ ከዚያ አንጥፈው፣ እሺ ብሎ ነበር፣ እሺ ብሎ ካርቶኖቹን የደረደረው በረንዳ ላይ ነው፣ እንደ ማንኛውም የሕንጻው ሰው፣ በጋላትሲ ከተማ ክረምት ቤት የማይበቃው ነገር ሁሉ በረንዳ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ የጎመኑ በርሜል፣ ኮምጣጤ ውስጥ የተነከረው ቃሪያ፣ የልጁ የኢሊንካ የሕፃንነት ጋሪ፣ ካርቶኖቹም ከጎመኑ ጎን የዳኑብ ወንዝን ንፋስ ሲጠጡ ከረሙ፣ ዛሬ ጠዋት ሲያስገባቸው እንደ በረዶ ነበሩ። ቢያሳድራቸው ይሻል ነበር። ጊዜ የለም። ዛምፊራ ማምሻውን ትመጣለች።

ዛምፊራ የላቪኒያ እናት ናት። የምትመጣው ኢሊንካን ወደ ገጠር ለመውሰድ ነው። ልጅቷ ገና አራት ዓመቷ ነው፣ እንቅልፍ አጥታለች፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ምሳ ሳህኗ ላይ ታንቀላፋለች። ዛምፊራ በስልክ፣ ልጄ፣ ክፉ አድርገህ አትይብኝ፣ አንተም ተጎድተሃል፣ ግን ያ ቤት ልጅ አያስተኛም፣ ወለሉ ራሱ ያቃስታል፣ ለቀብሩ መጥቼ ያደርኩ ለት በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እማማ፣ ወለሉን እሸፍነዋለሁ፣ ሸፍኜው ጸጥ ካለ ትቆያለች? መጥቼ አያለሁ። መጥቼ አያለሁ ማለት የልጅቷን ሻንጣ አዘጋጅ ማለት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ የዛምፊራ ነገር አይታወቅም።

ስለዚህ ይሸፈናል። ከጣውላው ሥር የሚነጠፈውን ስስ ፎም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘርግቷል፣ የመጀመሪያው ረድፍ በመስኮቱ በኩል ገብቷል፣ ከግድግዳው ጋር ሽብልቅ አድርጎ ክፍተት ትቷል፣ ወለሉ መተንፈሻ ይፈልጋል፣ ለካ፣ በከተር ቢላዋ ጫረ፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰበረ፣ ቀጭ፣ የጣውላውን ጥርስ የጎረቤቱ ጎድጓዳ ውስጥ ከቶ፣ በጎማ መዶሻ መታ መታ፣ አንድ አለ። ሥራ ጥሩ ነው። ሥራ ላይ ሰው እጁ ብቻ ነው።

ኢሊንካ ትልቁ አልጋ ላይ ቀለሞቿን በትናለች፣ እንዳትወርጂ ይላታል፣ ባሕር ነው። ባሕር አይደለም፣ ፎም ነው። እሺ ፎም ነው፣ ግን አትውረጂ። ሻርክ አለበት? አለበት። የታለ? ለምሳ ወጥቷል። አባዬ አንተ ውሸታም ነህ። ልክ ነሽ፣ ሜትሩን አቀብዪኝ።

ችግሩ መሀሉ ነው። ከትልቁ አልጋ እስከ ትንሹ አልጋ። የድሮው ወለል ሕንጻው ሲሠራ በሬንጅ የለጠፉት የእንጨት ፓርኬ ነው፣ ሬንጁ ደርቆ ተፈርፍሯል፣ ሌላው ቦታ ደህና ነው፣ እዚያ መስመር ላይ ግን ላልቷል፣ ላቪኒያ ኢሊንካ ባለቀሰች ቁጥር በጨለማ የተመላለሰችበት መስመር፣ ሲጢጥ፣ ትንሽ ቆይቶ ሲጢጥ ሲጢጥ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ልጅቷ ላይ ስታጎነብስ፣ ከዚያ መልሶ ሲጢጥ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ እግሯ ብርድ ልብሱ ውስጥ፣ ውይ አንቺ ሴትዮ፣ በረዶ ይዘሽብኝ መጣሽ፣ ዝም በል ተኛ።

ከጥር ወዲህም ሲጢጥ ይላል።

ይህን ለማንም አልተናገረም። ተኝቶ ሳለ ይሰማዋል፣ ከሩቅ፣ ከውኃ በታች ሆኖ እንደሚሰማ ነገር፣ ሲጢጥ፣ ከዚያ ሁለቱ፣ ከዚያ ዝምታው፣ መንቃት ይፈልጋል፣ አይችልም፣ ጠዋት ሲነሳ የኢሊንካ ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። በላቪኒያ አጠቃለል። ከእግሯ ሥር ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ግራና ቀኙ ፍራሹ ሥር ገብቶ፣ አገጯ ጋ እንደ ሸሚዝ አንገትጌ ተገልብጦ። እሱ አይችልበትም። መቼም ችሎበት አያውቅም፣ ላቪኒያ ትስቅበት ነበር፣ አንተ እኮ ልጅ የምትጠቀልለው ድንች በጆንያ እንደሚከት ሰው ነው። ታዲያ ማን።

ማንም። ሕፃን ልጅ ራሷን ትጠቀልላለች። ትጠቀልላለች እንዴ። ቁረጥ፣ ስበር፣ ቀጭ።

የመሀሉ ረድፍ ገባ። እጁን ጣውላው ላይ ያሳርፋል፣ ሰውነቱን ይጭንበታል፣ ምንም። ይነሳል፣ ከትልቁ አልጋ ተነስቶ ይራመዳል፣ ምንም፣ በጥጥ ላይ እንደ መሄድ፣ እስከ ትንሹ አልጋ፣ ምንም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። የሆነ ሰው አፍ ላይ እጁን የጫነ ያህል ይሰማዋል።

ከዚያ ቆሞ ሳለ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ጠቅ።

ከትልቁ አልጋ ሥር ነው። ጠቅ። ትንሽ ወዲህ። ጠቅ፣ ጠቅ። ይህ ሙቀቱ ነው፣ የበረንዳው ብርድ እየለቀቃቸው ነው፣ ማሞቂያው በዚያ በኩል ነው፣ ከዚያ ይጀምራሉ፣ ይለጠጣሉ፣ ጥርሶቹ ይነካከሳሉ፣ ማንም ያውቀዋል፣ ጠቅ፣ ግን ለምን በመስመሩ ላይ፣ ለምን በየተራ፣ ጠቅ፣ ትንሹ አልጋ ጋ ደረሰና ቆመ። ዝምታው። ያንኑ ያህል ዝምታ።

ኢሊንካ ከቀለሞቿ ቀና ብላለች። ወለሉን አይደለም የምታየው። የእሱን እግር ነው። አንተ ነህ? እኔ ምን? ሄድክ? አልሄድኩም የኔ ቆንጆ፣ ቆሜያለሁ፣ ጣውላው ነው፣ ሙቀት እየለመደ ነው። እሷ ግን እግሩን ማየት አልተወችም።

ካንግ ካንግ ካንግ፣ የማሞቂያው ቧንቧ፣ በስመ አብ፣ ኧረ ፓንዴሌ ነው፣ የታችኛው ጎረቤት፣ ከምሳ በኋላ የዕረፍት ሰዓት ነው፣ መዶሻ ክልክል ነው፣ ሽማግሌው በማንኪያ ቧንቧውን ይደበድባል፣ መደብደቡ አልበቃው ብሎ ደግሞ ይመጣል፣ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ፣ ይኸው፣ በሩ።

አንተ ልጅ፣ ሕግ የለም እንዴ በዚህ ሕንጻ? ይቅርታ ጋሽ ፓንዴሌ፣ ማምሻውን እንግዳ ስለሚመጣብኝ ነው። ለእንግዳ ኬክ ይጋገራል እንጂ ወለል ይቀየራል? አሳየኝ እስቲ። ኦሆ። ቪኒል። እንጨት የተሣለበት ፕላስቲክ፣ በኛ ጊዜ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይመስል ነበር፣ አያፍርም ነበር። ይህ ደግሞ ጠማማ ነው። የቱ? ወይ ጣውላው ወይ ግድግዳው። ግድግዳው ነው ጋሽ ፓንዴሌ። ሁሌም ግድግዳው ነው። ብቻ ደግ አደረግህ፣ እኔም ሌሊት ሌሊት ያንተን መንጎራደድ ከመስማት እገላገላለሁ።

የማንን?

ያንተን ነዋ። ዶሪን ይስቃል፣ ሳቁ ብቻውን ይቀራል፣ ጋሽ ፓንዴሌ፣ ያ ፓርኬው ነው፣ ሬንጁ ለቆ፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በራሱ ያቃስታል። ልጄ፣ ዕድሜዬን እግራችሁ ሥር ነው የኖርኩት፣ ሬንጅና ተረከዝ መለየት ያቅተኛል? ላቪኒያ፣ ነፍሷን ይማር፣ እንደ ድመት ነበር የምትረግጠው። አንተ ተረከዝህን ትጥላለህ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ በባዶ እግርህ፣ ከዚህ እስከዚህ። ከዚያ ቆመህ ትቀራለህ። እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ መቆምህ። አሁን ይመለሳል፣ አሁን ይመለሳል እያልኩ እጠብቃለሁ፣ አንተ የለህም። ቧንቧውን ልመታ ብዬ ማንኪያዬን አንስቼ አውቃለሁ፣ ከዚያ ተው፣ ሐዘንተኛ ነው አልኩ፣ እንቅልፍ እምቢ ቢለው ነው አልኩ።

ጋሽ ፓንዴሌ፣ እኔ ሌሊት አልነሳም።

ሽማግሌው ኢሊንካን አያት። ዶሪንን አየው። እንግዲህ ቀስ ብለህ ምታው አለና ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ወረደ።

አልነሳም። ተኛሁ ማለት ተኛሁ ነው። ግን ጠዋት እግሮቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው ይቀዘቅዛሉ፣ ይህን ያውቅ ነበር፣ የማሞቂያው ነገር ነው ብሎ አልፎታል፣ የግራ ተረከዙ ላይ ስንጥር ገብቶ ያገኘው ቀን፣ ከየት መጣ ብሎ በመርፌ አውጥቶ ጥሎታል፣ ፓርኬ ነበር፣ የፓርኬ ስንጥር፣ ጥቁር ሬንጅ ጫፉ ላይ፣ አይ። አይ። መዶሻውን ያስቀምጣል። ትንሹ አልጋ ጋ ይንበረከካል፣ ብርድ ልብሱን ያነሳል፣ እጆቹን ያያል፣ በሉ እንግዲህ፣ ካወቃችሁት አሳዩኝ፣ ከሥር ያጥፋል፣ ጎኑን ይከታል፣ የላዩ ይወጣል፣ የላዩን ይከታል፣ የሥሩ ይወጣል። ድንች በጆንያ።

እንደዛ አይደለም፣ ትላለች ኢሊንካ ከደሴቷ።

እሺ አሳዪኝ።

እኔ አልችልም። አንተ ነህ የምትችለው። ስትተኛ።

ፎሙ ላይ እንደተንበረከከ ይቀራል። ማሞቂያው ያንጎራጉራል። ስተኛ እንዴት ነኝ? ዓይንህ ክፍት ነው። አባዬ ስልህ አትሰማም። ትጠቀልለኛለህ፣ በደንብ ነው የምትጠቀልለኝ፣ እንደ እናቴ። ትፈሪኛለሽ? ታስባለች፣ አረንጓዴውን ቀለም ጥርሷ ላይ ኳ ኳ ታደርጋለች። ስትጠቀልለኝ አልፈራም። ጨርሰህ ቆመህ ስትቀር ነው። ለምን አልነገርሽኝም የኔ እናት? የምትመጣው እናቴ ከሆነችስ። ካልኩህ ትሄዳለቻ። ደግሞ እኮ ሲጢጥ ሲል ይሰማኛል፣ መጣ ብዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጣቷን ወደ ወለሉ ትቀስራለች። አሁን እንዴት ነው የማውቀው?

አሁን እንዴት ነው የምታውቀው።

የቀሩትን ረድፎች አነጠፈ፣ ምን ያድርግ፣ ግማሽ ወለል ወለል አይደለም፣ እጁ ይሠራል፣ ቀጭ፣ መታ መታ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ሰው ጨለማ ውስጥ ቆሟል፣ ዓይኑ ክፍት፣ የእሱ ፒጃማ፣ የእሱ ጢም፣ እጁ ግን የእሷን ሥራ የሚያውቅ፣ ከየት ተማረው፣ ማን አስተማረው፣ ቆሞስ ምን ይጠብቃል። ሽብልቆቹን ነቀለ። የግድግዳውን ግርጌ የሚሸፍነውን ዞኮሎ መታ። ጠራረገ። ያምራል። እውነት ለመናገር ያምራል።

ዛምፊራ መጣች፣ በአንድ እጇ እንቁላል፣ በሌላው ባዶ ሻንጣ። ባዶ ሻንጣ ይዛ ነው የመጣችው። በሩ ላይ ቡትስ ጫማዋን አወለቀች፣ በካልሲዋ ገባች፣ የልጅ ልጇን ሳመች፣ ከዚያ ያለ አንድ ቃል ከትልቁ አልጋ ተነስታ እስከ ትንሹ ተራመደች፣ ከባድ ሴት ናት፣ መሀሉ ላይ ቆማ ሆን ብላ ረገጥ ረገጥ አደረገችው። ምንም። ጣውላዎቹም ሞቀዋል፣ ጠቅ የሚል የለም። የመቃብር ያህል ጸጥ ብሏል አለች፣ ጥሩ አድርገሃል ልጄ፣ ባል ሆነህ ሳለ መደርደሪያ እንኳ አልሰቀልክላትም ነበር። ይሁን። መጥቼ አያለሁ ብዬ ነበር፣ አየሁ። ልጅቷ ትቆይ።

አለቀ። ይኸው አለቀ፣ ያሰበው ሆነ፣ ሻንጣው ባዶውን ይመለሳል፣ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፣ ዝም ማለት ደግሞ ያውቅበታል፣ ዝም ይበል። ኢሊንካ ታየዋለች። ዓይኗ ሥር ጥቁር ነው። ዝም ቢል ዛሬም ይነሳል፣ ድምፅ በሌለው ወለል ላይ፣ እሷ ሳትሰማው፣ ዓይኗን ሳትጨፍን፣ ድንገት ይደርስባታል።

እማማ፣ እኔ ነኝ።

ምኑ?

ወለሉ አይደለም። እኔ ነኝ የምነሳው። ተኝቼ። ሄጄ እላይዋ ላይ እቆማለሁ። እኔ ነኝ እንቅልፍ የነሳኋት። ከፈለግሽ ውሰጃት።

ዛምፊራ ሻንጣውን አየች፣ ወለሉን አየች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ አልጋው እንኳ በእሷ ክብደት ጮኸ። ባሌ የሞተ ጊዜ፣ አለች፣ ሌሊት እየተነሳሁ አሳማዎቹን አበላ ነበር። እሱ ነበራ የሚያበላቸው። ጠዋት ደግሞ ነቅቼ አበላቸዋለሁ። ማንም አልነገረኝም፣ ማን አለ የሚነግረኝ። ያን ዓመት እንዴት እንደወፈሩ አትጠይቀኝ፣ ሰፈሩ መድኃኒት ምን ሰጠቻቸው ይል ነበር። ኢሊንካ ሳቀች። ዶሪን ሊስቅ ብሎ ፊቱ ሌላ ነገር ሆነ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። እንዴት ተውሽው እማማ? እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንድ ለት ገንዳው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። መሀረቧን ከራሷ ፈታች። ሶፋውን ዘርጋልኝ፣ ዛሬ ማንም የትም አይሄድም። እንቁላሉን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባ፣ ምን ታፈጥብኛለህ።

እራት በሉ። ዛምፊራ ሳሎን ተኛች፣ በሩን ገርበብ አድርጋ። ዶሪን ኢሊንካን አስተኛት፣ ብርድ ልብሷን እንደቻለው ጠቀለለ፣ ተጣሞ፣ እግሯ እየወጣ፣ ምንም አላለችውም፣ ዛሬ ትሰሚኛለሽ አላት፣ ከሩቅ ትሰሚኛለሽ፣ እኔም ራሴን እሰማለሁ። እንዴት? ታያለሽ። ተኚ። ላቪኒያ ይህን ብታይ፣ በሕይወቷ አንድም ሰው ከበሩ ወዲህ ጫማ አድርጎ አላሳለፈችም፣ ሐኪሙን እንኳ፣ ቄሱን እንኳ፣ በእሷ አልጋ ላይማ። ቢሆንም። ኮሪደሩ ውስጥ ከኮቱ ሥር በሚሠራበት የመርከብ ማደሻ የሚያደርገው የሥራ ጫማ አለ፣ አፍንጫው ብረት፣ ተረከዙ ድንጋይ፣ ያመጣዋል፣ ትልቁ አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ግራውን ያጠልቃል፣ ቀኙን ያጠልቃል፣ ማሰሪያውን እየጎተተ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያጠብቃል፣ ሁለት ጊዜ ይቋጥራል፣ ንጹሑ አንሶላ ላይ እግሩን ያነሳል፣ በጀርባው ይጋደማል፣ መብራቱን ያጠፋል።