የአራተኛዋ አብራሪ ቁርስ

ወርቅውሃ አሜሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖራ ሰዓቷን አልቀየረችም። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው ምግብ ቤቷ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ለደንበኛ ነው፤ የእጇ ሰዓት ግን በሀበሻ ነው የሚቆጥረው። በዚያ አቆጣጠር፣ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኳ ሲጮህ ምግብ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ከሁለት ጥንድ ጫማ የትኛውን እንደምታደርግ ግራ ገብቷት ቆማ ነበር።

ለጫማ እንዲህ መጨነቋ ያለ ምክንያት አይደለም። ልጇ ሶሊያና ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከተራራው ማዶ በረሃው ላይ ባለ አየር ማረፊያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ጄት ልታበር ነው። ተሳፋሪ የሚጫንበት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ድሮ የጦር አብራሪ ይሠለጥንበት የነበረ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ዕድሜው ከሶሊያና የሚበልጥ ጄት ነው። ጦሩ ጡረታ ሲያወጣው ሲቪሎች እየገዙ፣ እየጠገኑ፣ ቀለም እየቀቡ ለአየር ትርኢት ያበሩታል። የሶሊያና ቡድን አራት ነው። መሪው ዳግ የሚባል፣ ከአየር መንገድ ጡረታ የወጣ ካፒቴን ነው። ሁለተኛው የጥርስ ሐኪም፣ ሦስተኛው በርባንክ ውስጥ ለፊልም ሰዎች ቤት የሚያሻሽጥ ደላላ። አራተኛዋ ቫን ናይስ አየር ማረፊያ የበረራ አስተማሪ የሆነችው ሶሊያና ናት፤ ቦታዋም ከመሪው ኋላ፣ ከጅራቱ ሥር ነው። ወርቅውሃ ይህን ሁሉ ለሚሰማትም ለማይሰማትም ስትተርክ ከርማለች። በምግብ ቤቱ መስኮት ላይ «የጾም በያይነቱ አለ» ከሚለው ጽሑፍ ጎን የልጇን ፎቶ ለጥፋለች፤ ፎቶው የጽሑፉን ሦስት እጥፍ ይሆናል።

የደወለው ዳግ ነበር። ቡድኑ ማክሰኞ ማክሰኞ እሷ ጋ ስለሚበላ ይተዋወቃሉ።

«ሚስስ ወርቅ፣ ልጅዎ አትበላም» አላት።

«ጾም ነው» አለች፣ ነገሩ እንደዚያ የሚያልቅ መስሏት።

አላለቀም። ዳግ ቀስ ብሎ አስረዳት። አውሮፕላኑ በኃይል ሲታጠፍ የሰው ክብደት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ደም ከራስ ወደ እግር ይወርዳል። እህል ውኃ ያልቀመሰ ሰው ደግሞ ቶሎ ይሸነፋል። ባለፈው ዓርብ ልምምድ ላይ ሶሊያና ለሁለት ሰከንድ የምታየው ሁሉ ግራጫ ሆኖባት ከቦታዋ ወጥታለች። ደግነቱ የወጣችው ወደ ውጭ ነው፤ ወደ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የሚመታው የእሱ አውሮፕላን ጅራት ነበር።

«ከዚያ ወዲህ ደንባችን ቁርስ አብረን መብላት ነው። ያልበላ አይበርም። ሃይማኖት ነው አለችኝ፣ አከብራለሁ። ግን እስከ አሥራ አንድ ተኩል ካልበላች በሦስት አውሮፕላን እንወጣለን። እኔ በአራት ብንወጣ ደስ ይለኛል፤ ለዚያ ነው የደወልኩት።»

ወርቅውሃ አሥራ አንድ ተኩልን በልቧ ወደ ሀበሻ መለሰችው፤ አምስት ሰዓት ተኩል። ከዚያ ጫማዎቹ መሐል ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ባለፈው ዓርብ ማለት ፍልሰታ የገባበት ቀን ነው። ስለቱን የተሳለችው ደግሞ ራሷ ናት። ግንቦት ላይ ሶሊያና የቡድኑን ፈተና ስትወስድ፣ ወርቅውሃ የእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆማ «ልጄን ካስገባሽልኝ፣ ፍልሰታን እሷም እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አንቀምስም» ብላ ነበር። ሶሊያናም ስትሰማ ስቃ «ኦኬ እማዬ» ብላለች። ያኔ ስለ ሆድና ስለ ደም ማን አሰበ? እመቤታችን የተጠየቀችውን ሰጠች። አሁን ልጅቷ ብትበላ ስለት ፈረሰ፤ ባትበላ ሁለት ዓመት የለፋችበት ቀን ቀረ። ወርቅውሃ ጨነቃት። ወደ ሶሊያና ስልክ ደወለች፣ ዝግ ነው፤ ልጇ በበረራ ቀን ስልኳን እንደምታጠፋ ታውቃለች። የንስሐ አባቷ ዘንድ ደወለች።

አባ ሀብተሥላሴ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ጠየቋት።

«ስለቱን ማን ተሳለ?»

«እኔ ነኝ አባታችን።»

«የሚጾመውስ የማን ሆድ ነው?»

«የልጄ።»

«የራስሽን ሆድ ስጪ እንጂ በሰው ሆድ ምን አገባሽ? ሥራዋ ነው፤ የሕይወት ጉዳይ ነው። እኔ ፈቅጃለሁ፣ የጾም ምግብ ትብላ። የእሷን ጾም አንቺ ያዢላት። ሂጂ አሁን፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ስልኩን ዘጉባት። ወርቅውሃም ዘላ ተነሳች። ምስር፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ድንች በዕቃ ሞላች፣ እንጀራ ጠቀለለች፣ ውኃ ያዘች፣ በመጨረሻም ከሁለቱ ጫማዎች አንዱንም ሳታደርግ በኩሽና ነጠላ ጫማዋ ወጣች። ከምግብ ቤቱ ፊት ለፊት አምሃ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ ጋዜጣ ያገላብጣል። ከፓልምስ ሰፈር እየመጣ በየጠዋቱ እዚያው የሚቆም፣ የሶሊያናን ፎቶ ያየ ሁሉ የሚጠይቀው፣ ስለ ጄት የማያውቀው ነገር ያለ የማይመስለው ሰው ነው። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሊሄዱ ነበር ቀጠሯቸው።

«ተነሳ፣ አሁን ነው የምንሄደው።»

«እትዬ፣ ገና ሦስት ሰዓት እኮ ነው። ምን ተፈጠረ?»

«መንገድ ላይ እነግርሃለሁ።»

ነገረችው። አምሃ ጉዳዩን ሲሰማ እንደ ወጣት አደረገው። «አያስቡ እትዬ፣ ፍሪዌዩ ወደዚያ አቅጣጫ ክሊር ነው፣ በአንድ ሰዓት ተኩል አደርስዎታለሁ» ብሎ ፎከረ፤ ተራራው ሥር ሲደርሱ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱን በሙሉ ዘግቶታል። አርባ ደቂቃ ቆሙ። ወርቅውሃ የእጇን ሰዓት እያየች፣ ዕቃውን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ አንዴ ትጸልያለች አንዴ አምሃን ትቆጣለች፤ መኪናውን እሱ የገለበጠው ይመስል። መንገዱ ሲከፈት አምሃ የመጨረሻውን ሌይን ይዞ ነዳው። በረሃው ተከፈተ፤ ከሩቅ የአውሮፕላን ጅራት በሰልፍ ታየ። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ የአየር ማረፊያው በር ደረሱ። ዘበኛው ቲኬት ሲጠይቃት ወርቅውሃ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «የአራተኛዋ እናት ነኝ» አለችው። ወደ ዳግ ደውሎ ጠየቀና አስገባቸው።

አራቱ ጄቶች ቀይና ነጭ ተቀብተው፣ ክዳናቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። ከፊታቸው አስፋልቱ ላይ ዳግና ሁለቱ ወንዶች በእግራቸው እየሄዱ በረራውን ይለማመዳሉ፤ መሪው በዝግታ ትእዛዙን ይጠራል፣ ሌሎቹ ክንፍ እንደሚያዘነብሉ እጃቸውን እያዘነበሉ አብረውት ይዞራሉ። ማኅሌት የቆሙ ደብተራዎች መሰሏት። ሦስት ብቻ ናቸው። የአራተኛው ቦታ ባዶ ነው።

ሶሊያና የበረራ ልብሷን ለብሳ ከድንኳኑ ሥር ተቀምጣለች፤ ፊቷ ያለው ሳህን አልተነካም። እናቷን ስታይ ተነሳች።

«እማዬ? ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«ብዪ። አባ ፈቅደዋል።» ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «የጾም ነው። ቶሎ በይ፣ ዐሥር ደቂቃ ነው ያለሽ።»

ሶሊያና ግን እጇን አላነሳችም። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አባን አይደለም እኮ የምፈራው» አለች። «አንቺን ነው።»

«እኔን? እኔማ ብዪ እያልኩሽ ነው።»

«አሁን ነው እንደዚያ የምትዪው። እማዬ፣ ባልበላ የሚያመልጠኝ አንድ ትርኢት ነው። ያናድደኛል፣ ግን ያልፋል። በልቼ አንድ ነገር ብሆን ግን አንቺ ስለቴን ስላፈረስኩ ነው እያልሽ ነው ዕድሜ ልክሽን የምትኖሪው። አውቅሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም እችላለሁ ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። አንድ መምረጥ አለብኝ።»

ሶሊያና እውነቷን ነው። አባ ከፈቀዱ በኋላም፣ መንገዱ ላይ ቆመው ሳለ፣ ጸሎቷ መሐል ያቺ ሐሳብ ሹልክ እያለች ትገባ ነበር፦ ብትወድቅስ፣ በእኔ ነው። ልጇ የሆዷን አንብባዋለች። ለካ ያ ሁሉ ረኃብ ለእመቤታችን ብቻ ሳይሆን ለእናቷም ነበር። ወርቅውሃ አፈረች፤ ልቧም በልጇ ፍቅር ተሞላ።

ሰዓቷን አየች። አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት። ከዚያ እጇን ታጠበች፣ እንጀራ ቆረሰች፣ ምስሩን ጠቀለለችና ወደ ልጇ ሳይሆን ወደ ራሷ አፍ ከተተችው።

«እማዬ!» አለች ሶሊያና።

ወርቅውሃ ቀስ ብላ አላመጠች። በፍልሰታ ዓርብ፣ በዚህ ሰዓት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እህል በአፏ ገብቶ አያውቅም። በግድ ዋጠችው፣ ውኃም አስከተለች።

«ይኸው ፈረሰ» አለች። «ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ አምሃም ምስክር ነው። ከእመቤታችን ጋር እኔ እነጋገራለሁ፣ ከድሮም እንተዋወቃለን። አንቺን ምንም የሚመለከትሽ ነገር የለም። አሁን ብዪ።»

ሶሊያና ተቀመጠችና በላች። ሳምንት ሙሉ የተራበ ሰው እንደሚበላ በላች፤ ጣቷን እስክትልስ። ዳግ መጥቶ ሳህኑን አየ፣ ውኃ ጨመረላት፣ ሰዓቱንም አየ። የጥርስ ሐኪሙ ሽሮውን በማንኪያ ሰረቀ። ስድስት ሰዓት ላይ አስፋልቱ ላይ የሚራመዱት አራት ነበሩ።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ጄቶቹ ሲነሱ መሬቱ በነጠላ ጫማዋ በኩል ተንቀጠቀጠ፤ ሕዝቡ ተነሳ፣ ወርቅውሃም ተነሳች፣ ተቀምጣ እንደነበረም ያወቀችው ያኔ ነው። አራቱ ነጭ ጭስ እየለቀቁ ተያይዘው ወጡ፣ ተገልብጠው ወረዱ፣ ከራሷ በላይ አልፈው ድምፃቸው ዘግይቶ ደረሰ። አምሃ ክንዷን ይዞ ሳያቋርጥ ያስረዳታል። አንዱንም አልሰማችም፤ እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ ትስቃለች።

«እትዬ፣ ባለፈው ዓርብ ከቦታዋ የወጣችባት መታጠፊያ ይቺ ናት» አለ አምሃ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሳቋ ቆመ። ጄቶቹ ከበረሃው ጫፍ ዞረው ወደ ሕዝቡ መጡና በአንድ ጊዜ ጋደል አሉ። ወርቅውሃ ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ጭስ ነው፣ ፀሐይ ነው፤ እንደገና ቆጠረች፣ ሦስት ናቸው። በአፏ ውስጥ የምስሩ ጣዕም ተመለሰባት። የአምሃን ክንድ ጨመደደችው። ከዚያ ጄቶቹ ይበልጥ ጋደሉና ሆዳቸውን ለሕዝቡ ሰጡ፤ ከመሪው ጅራት ሥር፣ ሁለቱ ከልለዋት የነበረችው፣ አራተኛዋ ተለጥፋ ታየች። ንቅንቅ አላለችም። መታጠፊያው እስኪያልቅ እዚያው ነበረች። ወርቅውሃ እልል አለች፤ አጠገቧ ያሉ አሜሪካኖች ዞረው አዩዋት፣ እነሱም ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ።

ስታርፍ ሶሊያና ክዳኑን ከፍታ፣ ፀጉሯ በላብ ተጣብቆ፣ በመሰላሉ ወረደች። ዳግ ትከሻዋን መታ መታ አደረገና «ነገም ቁርስ ጠዋት ስምንት ላይ» ብሏት አለፈ። ወርቅውሃ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«ዓይንሽስ?»

«ሁሉን አየሁ እማዬ» አለች ሶሊያና እየሳቀች። «የዳግን ጅራት ብሎን በሙሉ ቆጥሬዋለሁ። የተረፈ ምግብ አለ?»

ወርቅውሃ የተረፈውን እያወጣችላት ሳለ ስልኳ ጮኸ። አባ ሀብተሥላሴ ናቸው።

«በላች?» አሉ።

«በላች አባታችን። እኔም በላሁ። እኔ ነኝ የቀደምኩ።»

ወርቅውሃ ዓይኗን ጨፍና ቅጣቷን ጠበቀች፤ ስግደትም ይሁን ጾም፣ የሰጧትን ልትቀበል ቆርጣለች።

«እሱን እሑድ እንነጋገርበታለን» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «አሁን እሱን ተይውና ንገሪኝ፤ እንዴት ነበር?»

ወርቅውሃ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ጩኸቱን፣ ጭሱን፣ ግልበጣውን። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አራት ነበሩ አባታችን» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሦስት ብቻ ሆኑብኝ። አራት ነበሩ።»