ዘጠነኛው ጥያቄ

ጥያቄዎቹ ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም እያሉ ይሄዱና መጨረሻ ላይ ስለ ሞት ይጠይቃሉ። መልሱ ከዜሮ፣ «በፍጹም»፣ እስከ ሦስት፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል»፣ ነው። እኛ ከስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የተላክን መረጃ ሰብሳቢዎች ማረሚያ ቤት ገብተን ለእያንዳንዱ ታራሚ እናነባለን፤ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ደግሞ ይጠይቃል። ሁለቱ መልሶች ከተመሳሰሉ መጠይቁ ይታመናል ማለት ነው። ለዘጠነኛው ከዜሮ ሌላ የመለሰ ሰው በዚያው ቀን የማረሚያ ቤቱ ነርስ ዘንድ ይላካል። የምታውቁትን ሰው እንዳትጠይቁ ተብለናል።

እኔ ጠየቅኩ። ሦስተኛ ሆነው የገቡት ጋሽ ሸምሰዲን ነበሩ፤ ፒያሳ ውስጥ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ ልብስ ሰፊ። ምኒልክ አደባባይ አጠገብ በመኪናቸው ሰው ገጭተው፣ ሰውየው ሞቶባቸው እንደታሰሩ ሰምቼ ነበር። ሰምቼ አንድ ቀን እንኳን ስንቅ አላደረስኩም። አሁን ደግሞ ለሌላ ሰው ባሳልፋቸው ናቀችኝ ይላሉ ብዬ አፈርኩ። የእኔ ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ በሚያስፈልግበት ቀን የለም፣ በማያስፈልግበት ቀድሞ ይገኛል።

«እፀገነት ነሽ? ትልቅ ሰው ሆንሽ እኮ!»

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ጥያቄ ብቻ ነው፤ አላቆይዎትም» አልኩ ዓይናቸውን ሳላይ።

እንቅልፍ እንዴት ነው? «አልሐምዱሊላህ።» ምግብስ? «አልሐምዱሊላህ።» ሰው እንዴት ዋልክ ሲባል የሚለውን ነው የሚሉኝ። ቆም ብዬ ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ዜሮ ዜሮውን እያከበብኩ ሮጥኩ። ስምንተኛው ላይ ቀና ስል እጃቸው የእጅጌያቸውን የተተረተረ ስፌት ይጎትታል። በአንድ ሙከራ መርፌ ላይ ክር ያስገባ የነበረ እጅ ነው። ዘጠነኛውን በዓይኔ ብቻ አነበብኩት። የአባቴን እኩያ «መሞት ይመኛሉ?» ልበላቸው? ዜሮዋን አከበብኩና «ጨረስን፣ ጋሼ» አልኩ። ትንሽ ተቀምጠው ቆዩ። ከዚያ መርቀውኝ ወጡ።

በሁለተኛው ዙር የጠየቃቸው ባልደረባዬ ካሊድ ነበር። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ዓለምጸሃይ ቢሯቸው ውስጥ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጡ። በዘጠነኛው ላይ የእኔ ዜሮ፣ የካሊድ «በየቀኑ ማለት ይቻላል»።

«ነርሷ ጋ ወስጃቸዋለሁ» አለ ካሊድ። «ያኔ ለምን ደበቁ ብላቸው፣ ዋሽቼ ነው፣ በልጅቷ እንዳትፈርዱባት አሉኝ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉ ዶክተር ራሳቸውን እየነቀነቁ። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ «መላሹ ዋሽቷል» ብለው ሲጽፉ አየሁ። የዘለልኩት እኔ ነኝ ማለት ሲገባኝ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ ብርቱካን ገዝቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከአጥሩ ማዶ ቆመው ተቀበሉኝ።

«ጋሼ፣ ለምን ዋሸሁ አሉ? ጥያቄውን የዘለልኩት እኔ ነኝ።»

«እንጀራሽ እንዳይጎድል ነዋ!» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ነርሷ ሐኪም ጋ እንደላከቻቸው፣ መድኃኒት እንደጀመሩ፣ አሁን ትንሽ እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው ነገሩኝ። ቀጥሎ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ግን ልጄ፣ ዘጠኝ ነው ብለሽኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ቁጥር አልስትም። ስምንቱን በአልሐምዱሊላህ አሳለፍኩ። ሌላ ጠያቂ ቢሆን አላውቀውም፣ ለእፀገነት ግን በመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ ልቤን አጠንክሬ ተቀመጥኩ። ጨረስን አልሽኝ።»

ብርቱካኑን እንኳን መስጠት ረስቼ ይዤው ቆሜ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለዶክተር ሁሉንም ተናገርኩ። «መላሹ ዋሽቷል» የሚለውን ሰርዘው የእኔን ስም ጻፉበት፤ ከጥናቱም አስወጡኝ። እሱ ተገቢ ነው፣ አልከፋኝም። «ጨረስን» ካልኳቸው በኋላ ወንበሩ ላይ የቆዩባት ያቺ ትንሽ ጊዜ ግን አትለቀኝም። እኔ ወረቀቴን እየሰበሰብኩ ነበር። እሳቸው ዘጠነኛውን እየጠበቁ ነበር።