ካዕባን ከኋላ አድርጎ መንዳት

አክስቴ ዳሊማ ሌሊት ላይ ዐረፈች። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ትቀበራለች ተባለ። ወንዙ እየሞላ ስለነበር መቃብሩ ውሃ ሳይገባው መጨረስ አለባቸው፤ ማንንም አይጠብቁም። አጎቴ ፓክ ንጋ ብቸኛ ወንድሟ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ የሚያስተኛት እሱ መሆን አለበት።

"እኔ እያለሁ የጎረቤት እጅ አያስተኛትም" አለና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

እኔም አብሬው ተነሳሁ። ስኮትላንድ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ ሥራ ስላልያዝኩ፣ ዘመድ ወደ አንድ ቦታ ሲሄድ ሁልጊዜ ትርፍ የምገኘው ሰው እኔ ነኝ።

አስፋልቱ በጎርፍ ተቆርጦ ስለነበር በዘይት ዘምባባው እርሻ ውስጥ ማቋረጥ ነበረብን። እርሻው ውስጥ ስልክ አይሠራም። ዛፉም መንገዱም አንድ ዓይነት ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አልወጣችም።

"አትስጊ ሱራያ" አለኝና ከመሪው አጠገብ በማጣበቂያ የለጠፈውን ኮምፓስ በጣቱ መታ መታ አደረገው። ከሐጅ ያመጣው የቂብላ ኮምፓስ ነው፤ ፈሳሽ ላይ የሚንሳፈፍ ክብ ሰሌዳ አለው፣ ሰሌዳው ላይ የተሳለው ሚናሬ ወደ ካዕባ ይዞራል። "ካዕባ በምዕራብ፣ የዳሊማ መንደር በምሥራቅ። ሚናሬው የኋላውን መስታወት እያየ እስከሄደ ድረስ መንደሩን አንስትም። ይህን አላስተማሩሽም?"

"አላስተማሩኝም ፓክ ንጋ።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር? በረዶ ስትጠርጊ?"

መኪናዋ በጣም ትንሽ ናት፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ፓክ ንጋ ገበያ ለገበያ እየዞረ የደረቀ ዓሣ ይሸጥባታል። የኋላ ወንበሩን ጆንያ ይዞታል፤ ከፊት፣ ልክ ከኮምፓሱ ሥር፣ ደንበኛ የሚጠራበትን ትልቅ ስፒከር አስገጥሟል። የድሮው ስፒከር ድምፁ ስለደከመ ከረመዳን በፊት የቀየረው ነው።

መስቀለኛ መንገድ በደረስን ቁጥር ሚናሬውን እያየ ይታጠፋል። አንድ ጎማ የሌለው የተገለበጠ ጋሪ አለፍን። ቆይቶ እንደገና አንድ ጎማ የሌለው የተገለበጠ ጋሪ አለፍን።

"የዚህ እርሻ ሰዎች ዕቃ አይጠግኑም" አለ።

"ፓክ ንጋ፣ ያው ጋሪ ነው።"

"ጋሪ ሁሉ ይመሳሰላል።"

በሚቀጥለው መታጠፊያ መንገዱን ትቼ ኮምፓሱን ማየት ጀመርኩ። መኪናዋ ወደ ቀኝ ዞረች። ሚናሬው ትንሽ ተንቀጠቀጠና እንደነበረ ቀረ፤ አሁንም የኋላውን መስታወት ያያል። ችግሩ ወዲያው ገባኝ፤ ግን ለእሱ መንገሩ ከበደኝ። ፓክ ንጋ ገበያ ላይ ሶላት ሲደርስበት ሚናሬውን የሚያየው መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው። ከዚያ ይወርድና መስገጃውን ባየው አቅጣጫ ያነጥፋል። እኔ እንኳን ስንቴ ስልኩን ይዤለት ቆሜያለሁ።

ጋሪውን ለሦስተኛ ጊዜ ስናገኘው ሞተሩን አጠፋ። ሰዓቱን አየ። ፊቱ ላይ ላብ ነበር።

"ኮምፓሱን ነቅለው ከመኪናው ራቅ ይበሉ" አልኩት።

"በዚህ ዝናብ?"

"ስፒከሩ ማግኔት አለው። ሰሌዳውን እየሳበው ነው።"

ኮምፓሱን ነቀለና ወርዶ ዘምባባዎቹ መሀል ገባ። ሰሌዳው እንደዞረ ከመኪናው ሆኜ እንኳ ከአንገቱ ማቀርቀር አወቅሁ። ተመልሶ በመስኮቱ አስገባው፤ ሰሌዳው በስፒከሩ ተስቦ ዞረ። አወጣው፤ ተመለሰ። መብራት ማጥፊያ እንደሚሞክር ሰው ደጋግሞ አደረገው።

"ከረመዳን ጀምሮ" አለ። ስለ መንገዱ ሳይሆን ስለ ሶላቱ እንደሆነ ገባኝ።

"ሆን ብለው አይደለም። ባለማወቅ የተሳሳተ ሰው..."

"አንቺ ራስሽ የምትሰግጂው ወዴት ነው?"

መልሴን ሳይጠብቅ ፒንሳ አውጥቶ የስፒከሩን ሽቦ መቁረጥ ጀመረ። ብሎኑ ዝጎ አልፈታ ስላለው ማቀፊያውን በእግሩ ሰበረው።

"ከኋላ ብጭነው ይስበዋል?"

"ምናልባት ትንሽ።"

"ትንሽ ማለት ምን ያህል?"

"አላውቅም ፓክ ንጋ።"

"የተማረ ሰው" አለና ስፒከሩን ዝናብ እንዳይገባው አፉን ወደ መሬት ደፍቶ ዘምባባ ሥር ተወው። ጋሪውም እዚያው አጠገቡ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰሌዳው መኪናዋ በዞረች ቁጥር ይዞር ጀመር። ፓክ ንጋ ግን አላመነውም፤ መስቀለኛ መንገድ ባገኘ ቁጥር ይቆማል፣ ኮምፓሱን ይዞ ይወርዳል፣ ከመኪናው ርቆ ዝናቡ ላይ ይቆማል፣ ይመለሳል። በመጨረሻ ዘምባባው አለቀና የዳሊማ መንደር ያለበት ግራጫው ባሕር ዳር ታየ።

መቃብር ቦታው ስንደርስ ሰዎቹ በቀለም ባልዲ ውሃ እየቀዱ ከጉድጓዱ ያወጡ ነበር። የቆዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። የአክስቴ ጀናዛ ሣሩ ላይ በምንጣፍ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

"ባትደርስ ኖሮ እኔ ልወርድ ነበር" አለ አንድ ጎረቤት።

"እሱን ፈርቼ ነው የመጣሁት" አለ ፓክ ንጋ። ጫማውን አውልቆ ወረደ።

እኔ ከሴቶቹ ጋር ጃንጥላ ሥር ቆምኩ። አክስቴን አቀበሉት። በጎኗ አስተኛት፣ ጀርባዋን በጭቃ ደገፈ፣ የተገነዘችበትን ከፈን ቋጠሮ ፈታ። ፊቷን ወደ ቂብላ ሊያዞር ሲል እጁ ቆመ። ቀና ብሎ ኢማሙን አየ።

"ወዲህ ነው?"

"ጉድጓዱ እንደዚያ ነው የተቆፈረው ፓክ ንጋ። ሌላ ወዴት ይሆናል?"

"ልክ ነው ወይ ነው የምልህ።"

ኢማሙ ዙሪያውን፣ የቆዩትን መቃብሮች አየ። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተኝተዋል። "ልክ ነው" አለው።

ፓክ ንጋ ጉንጯን አፈሩ ላይ አሳረፈ። ውሃው እግሩን መሸፈን ሲጀምር ከላይ "ቶሎ በሉ" አሉ፤ እሱ ግን አልቸኮለም። ከአፈሩ የሚከልሏትን ሳንቃዎች ሲያቀብሉት አንድ በአንድ ጫፋቸውን እየዳሰሰ ገጠማቸው፤ እዚያ ላይ ማንንም አልጠየቀም።